የአርቡን ቁጥር አትመኑት

(ታህሳስ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ በፊልም ወዳጆች ስብስብ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን አደራችሁ! ኧረ ድምፅ የለም እንዴ? እንደምን አደራችሁ ነው የምላችሁ! እሺ፣ አሁን ድሬ መሆኔን አመንኩ።

ለጠራችሁኝ ልጆች ምስጋናዬ ትልቅ ነው። በጠዋት ስላደረጋችሁት ደግሞ እጥፍ ምስጋና። ከሰዓት ቢሆን ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው፣ እኔ ከወንበር ጋር ነበር የማወራው። ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ እናንተ የዚህን ከተማ የድሮ ሲኒማ ቤቶች ያያችሁ ናችሁ። የምትጨምሩት ካለ መሃል ላይ አቋርጡኝ። አቦ፣ ድሬ ላይ ይሉኝታ የለም።

የተሰጠኝ ርዕስ ረጅም ነው። «የበዓል ሰሞን የፊልም ገቢ ትንበያና የፊልም ኩባንያዎች ውህደት»። ሲያዩት የባንክ ስብሰባ ይመስላል። እኔ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ቀን ቀን የሰው ደረሰኝ እደምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሲኒማ ቤቶች ስንት እንደሸጡ አያለሁ። ባለቤቴ «ከዚያ ውስጥ ያንተ ድርሻ ስንት ነው?» ትለኛለች። ምንም! ግን ሱስ ነው፣ ምን ላድርግ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ በዓል ላይ የወጣ ፊልም ለምን እንደ ሌላው ጊዜ ፊልም አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ገማቾቹ ምን አይተው ነው የሚገምቱት። ሦስተኛ፣ ስቱዲዮ ስቱዲዮን ጠቅልሎ ሲገዛ ምን እንጠብቅ። ሁለተኛውን በሩጫ ነው የማልፈው።

እሺ፣ አንደኛው።

ትናንት አርብ አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛው «አቫታር» ወጥቷል። እኛ እዚህ ስናወራ እነሱ ጋ ገና ሌሊት ነው። ነገ ማታ አካባቢ የአርብ፣ የቅዳሜና የእሁድ ድምር ተብሎ አንድ ቁጥር ይለቀቃል። የእሁዱ ቀን ራሱ ሳያልቅ ነው የሚለቀቀው፣ ማለትም የእሁዱ ግምት ነው፤ ትክክለኛው ሰኞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። «ተቀወጠ!» «ወደቀ!» «አለቀለት!» ቲክቶኩም ዩቲዩቡም ቴሌግራሙም በዚሁ ይሞላል።

እኔ የምላችሁ፣ ቁጥሩን እዩት፣ ግን አትመኑት። በተለይ በዲሴምበር አትመኑት።

ለምን? «ታይታኒክ»ን እንውሰድ። ያላየ አለ? የለም። ፊልሙ የወጣው ዲሴምበር 19 ቀን 1997 ነው። በመጀመሪያው ዊኬንድ በአሜሪካና በካናዳ ያስገባው 28.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። 200 ሚሊዮን ዶላር ለወጣበት ፊልም! በዛሬ ሰው አፍ ቢሆን እሁድ ማታ ቀብሩ ነበር። ከዚያስ? 15 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ ቆየ። እዚያው አሜሪካና ካናዳ ብቻ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የመጀመሪያውን ዊኬንድ 21 እጥፍ። 21 እጥፍ ነው የምላችሁ!

የጀርባው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። ፊልሙን የያዘው ፎክስ የሚባለው ስቱዲዮ ነበር። ወጪው ናረ። በጁላይ ይወጣል የተባለው አልደርስ ብሎ ወደ ዲሴምበር ተገፋ። ፎክሶች ከዚያ በፊት ፈርተው ፓራማውንት የሚባለውን ሌላ ስቱዲዮ አጋዥ አስገብተዋል። ፓራማውንት 65 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፣ «ከዚህ በላይ አንዲት ሳንቲም አልጨምርም» የሚል ውል አስፈረመ፣ የአሜሪካና የካናዳውን ስርጭት ወሰደ። ፎክስ የውጪውን ዓለም ይዞ ቀረ። እስቲ አስቡት፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ሥራቸው ይሄ ነው። ይሸጣል አይሸጥም ብሎ መገመት ነው እንጀራቸው። እነሱ ፈርተው የሸጡትን ነገር አንድ ዩቲዩበር እሁድ ማታ ልክ ሊነግረኝ ነው?

ታዲያ ዲሴምበር ምን አለው? ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ቢሮው ግማሽ በግማሽ ዝግ ነው። ከገናቸው እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሰኞና ማክሰኞ ሁሉ ለሲኒማ ቤት እንደ ቅዳሜ ነው። ጃንዋሪ ሲገባ ደግሞ ስቱዲዮዎቹ ደህና ፊልም ማውጣት አይወዱም፤ ሜዳው ለበዓሉ ፊልም ባዶ ይሆንለታል። በሰመር የወጣ ፊልም ግን በየሳምንቱ አዲስ ተቀናቃኝ ይመጣበታል፣ አርብ የያዘውን ወንበር በሚቀጥለው አርብ ይነጠቃል።

ሌላው፣ ገናቸው የዋለበት ቀን ነው። ዋዜማው ላይ ሰው ቤቱ ነው፣ ሲኒማ ቤቱ ጭር ይላል። በገናው ቀን ከሰዓት ግን ስጦታ ተከፍቶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ዘመድ ከዘመድ መተያየት ሲሰለቸው ሆ ብሎ ይወጣል። ዘንድሮ ሐሙስ ነው የሚውለው። ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ አራት ቀን ተያያዘ ማለት ነው። በ2022 ግን እሁድ ነበር የዋለው፤ ዋዜማው ቅዳሜዋን በላት። ሁለተኛው «አቫታር» በዚያ ዊኬንድ ክፉኛ ወረደ። ያን ጊዜ «አለቀለት» ያሉትን አስታውሳለሁ። በሦስተኛው ዊኬንድ ከሁለተኛው በላይ ሸጠ! ወርዶ ወጣ። በ134 ሚሊዮን የጀመረው በ684 ሚሊዮን ጨረሰ፣ የአሜሪካና ካናዳው ብቻ።

ይሄ የቀን ነገር ለእኛ ለድሬ ሰዎች አዲስ አይደለም። ቁልቢ አለ አይደል? አንድ ወዳጄ እዚሁ ከዚራ አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮን አለው። ኅዳር ላይ ቀን መቁጠሪያውን ግድግዳው ላይ እያየ በእስክሪፕቶ ያከባል። «19 መቼ ነው የሚውለው?» ይላል። ዘንድሮ እሁድ ነው። «በቃ፣ የአዲስ አበባው ሰው አርብ ከሥራ ወጥቶ ይነሳል፣ ሰኞን አስፈቅዶ ነው የሚመጣው፣ ሦስት አዳር ነው» አለኝ። ረቡዕ ቢውል ሌላ ሂሳብ ነበር፤ አድሮ የሚመለስ ይበዛል። ለዚህ ሰውዬ ማንም ኮርስ አልሰጠውም። ዋጋውን ምን ያህል እንደሚጨምር ግን አልነግራችሁም፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ያለፈው ዓመት ዲሴምበር «ሙፋሳ» እና ሦስተኛው «ሶኒክ» በአንድ ቀን ወጡ። ሶኒክ በመጀመሪያው ዊኬንድ 60 ሚሊዮን፣ ሙፋሳ 35 ሚሊዮን። «ሶኒክ አንበሳውን ዘረረው» ተባለ። መጨረሻ ላይስ? ሙፋሳ 254፣ ሶኒክ 236። አንበሳው ቀስ ብሎ አለፈ። በ2017 ገና ሰሞን የወጣው «ዘ ግሬተስት ሾውማን» ደግሞ የባሰ ነው። በ8.8 ሚሊዮን ጀመረ። ይሄ ለትልቅ ስቱዲዮ የሐዘን ቁጥር ነው። በ174 ሚሊዮን ጨረሰ። ወደ 20 እጥፍ።

አሁን አንዱ ተነስቶ «እንግዲህ በዲሴምበር የወጣ ሁሉ እጥፍ ድርብ ይሆናል» እንዳይለኝ። አይሆንም። በ2015 የወጣው «ስታር ዋርስ» በ248 ሚሊዮን ጀምሮ በ937 ጨረሰ፤ አራት እጥፍ እንኳ አልሞላም። በ2021 «ስፓይደር ማን» በ260 ጀምሮ ከ800 ትንሽ አለፈ፤ ሦስት እጥፍ። ትልቅ ገንዘብ ነው፣ ግን እጥፉ ትንሽ ነው። ለምን? የነዚህ ፊልሞች ሰው አይጠብቅም። ታሪኩ እንዳይነገረው ፈርቶ በመጀመሪያው ቀን ይገባል። የሙፋሳ ሰው ግን ልጆች ያሉት ወላጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አያት ስትመጣ፣ ሲመቸው ይገባል። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ሰው ገባ ብቻ አይደለም። የገባው ማን ነው? የቀረውስ ማን ነው?

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ልጅ ሆኜ መጋላ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት በር ላይ እሠራ ነበር። የዘመኑ ልጆች ቪዲዮ ቤት አታውቁም። አንድ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ሰው የሚጠጋጋበት የእንጨት አግዳሚ። ከላይ ቆርቆሮ፣ ሙቀቱን እናንተ ታውቁታላችሁ። ካሴቱ የሚመጣው ከጅቡቲ ነው፣ በባቡር፣ ከጨርቁና ከሽቶው ጋር። የእኔ ሥራ ሳንቲም መቀበልና ምስሉ በረዶ መሥራት ሲጀምር ዴኩን ከፍቶ ሄዱን በአልኮል በተነከረ ወረቀት መጥረግ ነበር። ሰው እያፏጨ፣ እኔ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ።

አንድ የኢድ በዓል ላይ ባለቤቱ የካራቴ ፊልም አመጣ። ፖስተሩ እሳት ነው። ልጆቹ ለኢድ የተሰጣቸውን ብር ይዘው ተጋፉ፣ አግዳሚው ሞልቶ መሬት ተቀመጡ፣ ሳምቡሳ ሻጯ ሁለት ጊዜ ቤቷ ተመላልሳ ጠብሳ መጣች። ባለቤቱ ፈነጠዘ። በማግስቱ ጠዋት ላይ ሰዓት እንዳይባክን ብሎ አንድ የህንድ ፊልም አስገባ። የመጡት ጥቂት እናቶች ናቸው። እኔ በሩ ላይ ሆኜ የሚሰማኝ ልቅሶ ብቻ ነው። እዬዬ! እያለቀሱ ወጡ፣ ከሰዓት ቡና ላይ ተቀመጡ፣ በቃ። ለጎረቤት ተነገረ፣ ለእህት ተነገረ፣ ለአክስት ተነገረ። የካራቴው በሦስተኛው ቀን አግዳሚው ባዶ ሆነ፤ ልጆቹ ብራቸውን ጨርሰዋል፣ ያየውም አንዴ አይቶታል። የህንዱ ግን ካሴቱ እስኪላላ ድረስ ታየ። እናቶቹ ሁለቴም ሦስቴም ይመጡ ነበር፣ ለማልቀስ። ሆሊውድ ላይ ይሄንን «ሌግስ» ይሉታል፣ እግር ማለታቸው ነው፤ መጋላ ላይ ቡና ነበር የሚሠራው።

ሁለተኛው፣ በሩጫ እንዳልኩት። ገማቾቹ ምን ያያሉ? ፊልሙ ከመውጣቱ ሳምንታት በፊት ሰው ይጠየቃል፤ «ይሄን ፊልም ሰምተሃል? ልታየው ነው?» ይባላል። ቀድሞ የተሸጠ ትኬት ይታያል። ከበፊት ተመሳሳይ ፊልም ጋር ይነጻጸራል። ከወጣ በኋላ ደግሞ «ሲኒማስኮር» የሚባል አለ፤ ከ1979 ጀምሮ የነበረ ድርጅት ነው። ተመልካቹ በመጀመሪያው ምሽት ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ካርድ ይሰጠዋል፣ እንደ ትምህርት ቤት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ማርክ ይሰጣል። እኔ ከገንዘቡ በፊት የማየው ይሄንን ነው። «ታይታኒክ» ኤ ፕላስ አገኘ። በ2019 ገና ሰሞን የወጣው «ካትስ» ሲ ፕላስ አገኘ። ሲ ፕላስ ትምህርት ቤት ማለፊያ ነው፣ ሲኒማ ላይ መውደቂያ። በዓሉም፣ ዝናውም፣ ኮከቦቹም አላዳኑትም፤ 27 ሚሊዮን ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር ልበል። እነሱ ይሄን ሁሉ የሚገምቱት ቁጥር ስላላቸው ነው። ኮምስኮር የሚባል ድርጅት ከየሲኒማ ቤቱ ሽያጩን ይሰበስባል፣ በየቀኑ። እኛ ጋ የአማርኛ ፊልም ለፋሲካ ወጣ፣ ስንት ሰው አየው? ማን ያውቃል? ፕሮዲውሰሩና ሲኒማ ቤቱ ያውቃሉ፣ እነሱም በሁለት ደብተር። ሳቃችሁ? ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ እኮ፣ ደብተሩን አውቀዋለሁ። ፊልም የምትሠሩ ልጆች እዚህ አላችሁ። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ቁጥራችሁን ጻፉ። የመጀመሪያው ቀን ስንት፣ የሁለተኛው ሳምንት ስንት፣ የጾም ሰሞን ስንት። ባታወጡትም ለራሳችሁ ያዙት። ለሚቀጥለው ፊልም ብድር ስትጠይቁ «ሰው ወዶታል» ብላችሁ አይሆንም።

ሦስተኛው። ጉዱ እዚህ ነው።

ትናንት የወጣው «አቫታር» የማን ነው? ዲዝኒ ትላላችሁ። ልክ ነው። የመጀመሪያው፣ በ2009 የወጣው፣ የማን ነበር? የፎክስ! ዲዝኒ በማርች 2019 የፎክስን አብዛኛውን ንብረት በ71.3 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። ያኔ የተጮኸው ስለ 71 ቢሊዮኑ ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የምቆጥረው። ፎክስ በፊት በዓመት ከአስር በላይ ፊልም ለሲኒማ ቤት ያወጣ ነበር። ከውህደቱ በኋላ አንዱ ክፍሉ፣ ፎክስ 2000 የሚባለው፣ ተዘጋ። በስሙ ለሲኒማ የሚወጣው ፊልም በዓመት በጣት የሚቆጠር ሆነ። ሁለት ስቱዲዮ ሲደመር ሁለት አይሆንም፣ አንድ ተኩል ነው። የውህደትም የመጀመሪያ ቀን ቁጥር እንደ አርቡ ነው፣ አትመኑት።

አሁን ደግሞ ዋርነር የሚባለው ስቱዲዮ አለ። ወገኖቼ፣ ይቺ ኩባንያ እኮ ስንቴ እንደተዳረች! በ1990 ከታይም ጋር። በጃንዋሪ 2000 ኤኦኤል የሚባል የኢንተርኔት ኩባንያ ሽማግሌ ላከ፤ «የዘመናት ጋብቻ» ተባለ፣ በ2002 አንድ ዓመት ውስጥ ወደ 99 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገቡ። በ2018 ኤቲኤንድቲ፣ ያ የስልክ ኩባንያ፣ በ85 ቢሊዮን አገባት፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ልልቀቃት ብሎ ተስማማ። በ2022 ከዲስከቨሪ ጋር። በየሰርጉ ከበሮ ተመታ፣ በየሰርጉ «ለተመልካቹ የተሻለ ይሆናል» ተባለ።

ዘንድሮ ደግሞ ሁለት ሙሽራ በር ላይ ቆሟል። ዲሴምበር 5 ኔትፍሊክስ ስቱዲዮውንና ኤችቢኦ የሚባለውን ቻናሉን ልወስድ ነው፣ ተስማምተናል አለ። ዕዳውን ጨምሮ 82.7 ቢሊዮን ዶላር። ሦስት ቀን ቆይቶ ፓራማውንት መጣ። ፓራማውንት ራሱ ገና ባለፈው ኦገስት ነው ስካይዳንስ በሚባል የፊልም ኩባንያ የተያዘው፣ የራሱ ጫጉላ አላለቀም። «እኔ ሁሉንም እወስዳለሁ፣ ሲኤንኤንም ሌላውም ቻናል ይምጣ፣ ለአንድ አክሲዮን 30 ዶላር፣ ጥሬ ገንዘብ» አለ። ድምሩ 108.4 ቢሊዮን። የዋርነር ቦርድ ባለፈው ረቡዕ «ይቅርብን፣ ከኔትፍሊክስ ጋር ነን» ብሎ መለሰ። ይሄ እስከ ዛሬ ጠዋት ያለው ነው።

እንዴት ነው ታዲያ የሚገመተው? እኔ ብሩን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ ፈቃጁን አያለሁ። የኤቲኤንድቲው ስምምነት በኦክቶበር 2016 ተነገረ፣ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ከሰሳቸው፣ ፍርድ ቤት ተካረሩ፣ በጁን 2018 ነው ያለቀው። ወደ ሃያ ወር! ኔትፍሊክስም ይሄን ስለሚያውቅ መንግሥት ቢከለክለኝ 5.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ እከፍላለሁ ብሎ ፈርሟል። ሰው እርግጠኛ በሆነበት ነገር ላይ ይሄን ያህል ካሳ አይፈርምም። ቀጥሎ ገንዘቡ ከየት ነው የመጣው እላለሁ። በብድር ከሆነ ብድሩን የሚከፍለው የሚቀነሰው ሰውና የሚቀነሰው ፊልም ነው። ይሄን ለማወቅ ሆሊውድ መኖር አያስፈልግም፤ ደረሰኝ የደመረ ሁሉ ያውቀዋል።

«ለእኛ ምን አገባን?» የሚል አለ፣ ከኋላ ፊቱ ይታየኛል። አገባን እንጂ! ኔትፍሊክስ ቢወስደው የዋርነርን ፊልሞች በሲኒማ ማሳየቴን እቀጥላለሁ ብሏል። ግን ስንት ሳምንት? እስከ አሁን የተናገርኩት ሁሉ የሚሠራው ፊልሙ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሲቆይ ነው። «ታይታኒክ» በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ላይ ቢገባ 15 ሳምንት አንደኛ ይሆን ነበር? ወሬው ቡና ላይ ሳይደርስ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ይወጣ ነበር።

አሁን ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፣ ቀኑንም እጽፋለሁ፣ ፎቶ አንሱት። አንድ፣ የአዲሱ «አቫታር» የመጀመሪያ ዊኬንድ ከሁለተኛው ክፍል ከ134 ሚሊዮኑ ያንሳል፣ ሰውም «ወደቀ» ይላል፣ በመጨረሻ ግን የጀመረበትን ቢያንስ አራት እጥፍ ያደርጋል። ሁለት፣ ፓራማውንት በዚህ ዋጋ አይቆምም፣ ጨምሮ ይመለሳል። ሦስት፣ ማንም ይውሰደው ማን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ዋርነር ለሲኒማ የሚያወጣው ፊልም ከዛሬው ያነሰ ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ብትረቱኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ ማይኩን አቀብሏቸው።